ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስለቆመው የደም ዝርዝር

ለሆስፒታላችን የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ። ይህን የምጠይቀው ለወጉ ያህል እንዳይመስልዎት፤ በዚህ ሰሞን በዚህ ሆስፒታል ውስጥ ጤነኛ ሆኖ መዋል ከምንጊዜውም ይልቅ የሚመከር ነገር ስለሆነ፣ ቢያንስ ቢያንስ ደም ከሚያስፈልገው ጉዳይ ርቀው እንዲቆዩ ከልቤ እመኛለሁ።

እኔ ከምድር ቤቱ ኮሪደር መጨረሻ ያለው የደም ባንክ ኃላፊ ነኝ። ባልደረቦቼ «እማማ ፍሪጅ» ይሉኛል፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከማቀዝቀዣ ጋር የኖረ ሰው ሌላ ምን ይባላል። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌ ድፍረት ሆኖ ከታየዎት ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ በሥርዓቱ መሠረት፣ በመዝገብ ቤት በኩል፣ ማኅተም አስመትቼ የላክኋቸው አምስት ደብዳቤዎች የት እንደደረሱ ባለማወቄ ነው። ሌላው ምክንያት ደግሞ ታናሽ እህቴ ናት። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በዚሁ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ክፍል ትገባለች፤ ደም እንደሚያስፈልጋትም ሐኪሟ ከወዲሁ ነግረውናል።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በቁጥር አስቀምጬ በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ከሦስት ወር በፊት የሰርቨራችን ሶፍትዌር በአዲስ መተካቱን፣ ሥራውም «በተሳካ ሁኔታ መጠናቀቁን» በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንብበን እጅግ ደስ ብሎናል። በአሮጌው ሶፍትዌር ጊዜ የነበረውን ኋላቀር አሠራር ላስታውስዎ። ላቦራቶሪው ከታካሚው ናሙና ጋር የተስማማውን የደም ከረጢት በዳታቤዙ ላይ «ተፈቅዷል» ብሎ ይመዘግባል፤ እኔም ገጹን ከፍቼ አያለሁ፣ ከረጢቱን አውጥቼ ለነርሷ እሰጣለሁ። ላቦራቶሪው ደግሞ መርምሮ የፈቀደውን ሊሰርዝ ስለሚችልና ገጹም የሚያሳየው በተከፈተባት ደቂቃ የነበረውን ብቻ ስለሆነ፣ ለእያንዳንዱ ከረጢት ገጹን ዘግቶ እንደገና መክፈት ደንባችን ነበር። ያኔ ገጹ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ይከፈት ነበር። አሁን በርስዎ ጥረት አራት ደቂቃ ይፈጃል። አራት ደቂቃ የምለው ሰው በሌለበት ሰዓት ነው፤ ጠዋት ሁሉም ክፍል ሲገባ ግን ከወጡ መመለስ የለም። ከሁለት ወር በፊት በአንድ ማክሰኞ ከሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ስጠብቅ፣ አራት ክፍሎች ደም ሳያገኙ ነርሶቻቸው ደጃፌ ላይ ተደርድረው ቆመዋል። አንዷ ከንፈሯን ነክሳ ስታለቅስ አይቻለሁ።

፪ኛ፦ ችግሩን ለማግኘት ያደረጋችሁትን ርብርብ ሳላመሰግን ባልፍ ውለታ ቢስ እሆናለሁ። በመጀመሪያ ጥፋቱ የኬብሉ ነው ተባለና ግድግዳው ተቦርቡሮ ኬብል ተቀየረ፤ አራት ደቂቃው ግን ንቅንቅ አላለም። ቀጥሎ የኮምፒውተሬ እርጅና ነው ተባለ፤ አዲስ ኮምፒውተር መጣልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን አራት ደቂቃውን በሚያምር ስክሪን ላይ እጠብቃለሁ። ከዚያ ተጠቃሚው በዛ ተብሎ የሦስት ባልደረቦቼ የይለፍ ቃል ተሰረዘ። በመጨረሻም ችግሩ እኛው ራሳችን መሆናችን ተደረሰበትና ስለ ትዕግሥት የግማሽ ቀን ሥልጠና ተሰጠን። ለሥልጠናው የመጡት ባለሙያ ገለጻቸውን ከሰርቨሩ ለመክፈት ሲሞክሩ ምን እንደገጠማቸው ለርስዎ መንገር አያስፈልገኝም፤ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር።

፫ኛ፦ ሰው ሲቸግረው መላ መፍጠሩ አይቀርም፤ እኛም ፈጠርን። በዚህ መላችን የማፍርበትን ያህል በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሌላው ሳይገባ፣ እኔ በስሜ ገጹን እከፍታለሁ፤ ከዚያ እስከ ማታ አንዘጋውም። ማንም ተረኛ ቢሆን በዚያው በተከፈተው ገጽ፣ በእኔ ስም ደም ያወጣል። ቅዳሜ ከእህቴ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ብርቱካን ስልጥላት፣ መዝገቡ ግን አሥራ አንድ ከረጢት ደም በእጄ እንደሰጠሁ ይናገራል። ማንም እንዳይዘጋው ስክሪኑ ላይ «አትንኩ» የሚል ወረቀት ለጥፌበታለሁ። ጽዳት ሠራተኛዋ እንኳን ጠረጴዛውን ስትወለውል ትንፋሿን ውጣ ነው። ምን ይደረግ ክቡርነትዎ፣ ከተዘጋ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። እና በዚህ ሆስፒታል ውስጥ ለደም ፈላጊ ሁሉ ጊዜው ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቆሟል። ከዚያ ወዲህ ላቦራቶሪው የሰረዘውን እኛ አናይም።

፬ኛ፦ ይህ ሥጋት ብቻ ነው እንዳይሉኝ፣ የዛሬ ሦስት ሳምንት የሆነውን ላቅርብ። በቀዶ ሕክምና ክፍል የተኛ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ትልቅ ሰውዬ፣ ጮክ ብሎ የሚያወራ፣ ነርሶቹን ሁሉ «ሒሳብ ክፈሉ፣ ቀጣዩ ፌርማታ ወራጅ አለ» እያለ የሚያስቃቸው። ጠዋት ሁለት ከረጢት ተፈቅዶለት ነበር። አራት ሰዓት ላይ ላቦራቶሪው እንደገና መርምሮ አንደኛው እንደማይስማማው ስላወቀ ሰረዘው። በእኛ ገጽ ላይ ግን «ተፈቅዷል» እንዳለ ነበር፤ እኔም በዚህ እጄ አውጥቼ ሰጠሁ። ደሙ ተሰቅሎ፣ መርፌው ገብቶ፣ ነርሷ መክፈቻውን ልታዞር ስትል ነው ሹፌሩ ጠዋት ደም ቀጂው በድጋሚ የወሰደበትን ናሙና አስታውሶ፣ ውጤቱ ሳይመጣ እንዴት ትሰጡኛላችሁ ብሎ የጮኸው። በጩኸቱ ላቦራቶሪ ተደወለ። ሰውዬው ነቅቶ ስለነበረና ነገር የማያሳልፍ ሰው ስለሆነ ብቻ ዛሬ በሕይወት አለ፤ እኔ ያተረፍኩት አንዳች ነገር የለም።

እህቴ ሐሙስ አንቀላፍታ ነው የምትገባው፤ አትጮህም።

፭ኛ፦ ከሹፌሩ በኋላ ከላቦራቶሪው ባለሙያ ጋር ተማከርንና፣ የተሰረዘ ከረጢት ሲኖር በቁራጭ ወረቀት ጽፎ እንዲልክልኝ ተስማማን። ለአምስት ቀን ያህል እንቅልፍ ተኛሁ። በስድስተኛው ቀን የርስዎ ሰርኩላር ደረሰን፤ በእጅ የተጻፈ ማስታወሻም ሆነ በስልክ የሚነገር ቃል በደም ባንክ ተቀባይነት እንደሌለው፣ መረጃ ሁሉ በአዲሱ ሲስተም ብቻ እንዲተላለፍ፣ ይህን የጣሰ እንደሚቀጣ። ለላቦራቶሪው ባለሙያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ በዚያው ዕለት ተሰጠው። የማስጠንቀቂያው ፍጥነት እጅግ የሚደነቅ ነው፤ አራት ደቂቃ እንኳን አልፈጀበትም። አሁን ለእህቴ ወረቀት እንዲጽፍልኝ ብለምነው አንገቱን ደፍቶ እንደማይችል ነገረኝ። ሦስት ልጆች አሉት፤ አልፈረድኩበትም።

፮ኛ፦ ወደ ዋናው ምስጋናዬ ልምጣ። ከእናንተው ክፍል አንድ አንጋፋ ቴክኒሻን አሉ፤ ሁሉም «ጋሽ ሽቦ» ይሏቸዋል። ማንም ሳያዛቸው ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀምጠው፣ የእጅ ሰዓታቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አድርገው፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሲለኩ ዋሉ። ያገኙትን እኔ ማይሟ በገባኝ መጠን ልግለጽልዎ። አንዴ ከገባን በኋላ የምንጠይቀው ሁሉ ቶሎ ይመለሳል፤ የሚዘገየው በሩ ላይ ብቻ ነው። አዲሱ ሶፍትዌር አንድ ኮምፒውተር ልግባ ብሎ በሩን ሲያንኳኳ፣ ማንነቱን ከሌላ አሮጌ ማሽን ሳይጠይቅ አያስገባም። ያ አሮጌ ማሽን ግን ማሻሻያው በተደረገበት ሳምንት ተነቅሎ ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቷል፤ ጋሽ ሽቦ ሄደው አዩት፣ የመጸዳጃ ወረቀት ካርቶን ተደርድሮበታል። እናም አዲሱ ሰርቨር ከካርቶን ሥር ካለው ሬሳ መልስ እየጠበቀ አርባ ሰኮንድ ይቆማል፤ ተስፋ ሲቆርጥ ያስገባል። የእኔ ገጽ ለመከፈት ስድስት ጊዜ ያንኳኳል፤ ስድስት ጊዜ አርባ ሰኮንድ አራት ደቂቃ ነው። በአንድ ቅንብር ላይ አንድ መስመር ተቀይሮ ያንን ጥያቄ ቢተው ነገሩ ያበቃል። ጋሽ ሽቦ በመሞከሪያው ሰርቨር ላይ ቀይረው አሳዩኝ፤ አራት ደቂቃው ሁለት ሰኮንድ ሆነ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

የሚቀረው የርስዎ ፊርማ ብቻ ነበር። ክቡርነትዎ እንደመለሱላቸው የሰማሁት፣ በተሳካ ሁኔታ የተጠናቀቀ ሥራ ላይ ለውጥ ከተደረገ ያልተሳካው ምን ነበር ተብሎ ስለሚጠየቅ፣ የበላይ ገምጋሚዎች መጥተው እስኪሄዱ ድረስ ምንም ነገር እንዳይነካ ነው። ገምጋሚዎቹ የሚመጡት በሚቀጥለው ወር ነው። ጋሽ ሽቦም ለድካማቸው ምስጋና ወደ ፕሪንተር ጥገና ተዛውረዋል፤ ትናንት ደረጃ ላይ አግኝቻቸው፣ እጃቸው በቀለም ጠቁሮ፣ ስለ እህቴ ጠየቁኝና መልሴን ሳይጠብቁ ፊታቸውን አዞሩ።

፯ኛ፦ ስለ እህቴ ጥቂት ልበል፣ ጊዜዎን ከተሻማሁ ይቅር ይበሉኝ። ልብስ ሰፊ ናት። ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ ብዙ ደም ፈሷት ደም ተሰጥቷት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሐኪሞቹ እንደሚሉት ደሟ መራጭ ሆኗል፣ ያገኘውን ሁሉ አይቀበልም። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት አዲስ ናሙና ይወሰድላትና ከወዲሁ የተፈቀዱላት ከረጢቶች እንደገና ይመረመራሉ። ውጤቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይደርሳል። ገጼ ግን አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተከፍቶ ይጠብቃታል። ብዘጋው በዚያ ሰዓት ተመልሼ አልገባም፣ እሷም ያለ ደም ትቀራለች፤ ባልዘጋው የተሰረዘውን በገዛ እጄ አውጥቼ እልክላታለሁ። የትኛውን እንድመርጥ ይመክሩኛል?

እሷ እቴ ምንም አታውቅም። በአልጋዋ ላይ ተጋድማ ለጎረቤቶቿ፣ እኔን የመሰለች እህት ደም ባንክ ውስጥ እያለቻት ምን እንደሚያስፈራት ስትጠይቅ፣ ከበሩ ሆኜ ሰማኋት። ገብቼ ሳቅሁላት። ክቡር ዳይሬክተር፣ ፈርቻለሁ። ሌላ የማሳምርበት ቃል የለኝም።

እንግዲህ የምለምነው አንዲት ፊርማ ናት፤ ነገ እስከ ቀኑ መጨረሻ ድረስ ብትደርስ ለሐሙስ ትበቃለች። ቢሮዎ ሦስተኛ ፎቅ፣ እኔ ምድር ቤት ነኝ፤ ለአንዲት ወረቀት ሩቅ መንገድ አይደለም። ሥራ ከበዛብዎና ካልተመቸዎት ግን ቅር አልሰኝም። ሐሙስ የሚሆነው ሁሉ በመዝገቡ ላይ በእኔ ስም ስለሚጻፍ፣ በርስዎ በኩል የሚያሳስብ ነገር እንደሌለ ላረጋግጥልዎ እወዳለሁ። ሥራው አሁንም በተሳካ ሁኔታ እንደተጠናቀቀ ይቆያል።

ለሚያስገቡኝ ሰኮንዶችና ለሚያስቀሩልኝ ደቂቃዎች ሁሉ በቅድሚያ እያመሰገንኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ ከመሬት በታች ካለው ክፍሌ ወደ ላይ አንጋጥጬ እጅ እነሳለሁ፤

ታዛዥዎ፣
የደም ባንኩ ኃላፊ

ግልባጭ፦ ለሚመለከተውም፣ ለማይመለከተውም፣ አይቶ እንዳላየ ለሚያልፈውም

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ልፈርም ብዕሬን ሳነሣ ጸሐፊዎ ወደ ምድር ቤት ወርዳ የታሸገ ፖስታ ሰጠችኝ። ነገ ረቡዕ በቀዶ ሕክምና ክፍል ስለሚገቡት አማትዎ ነው። የላቦራቶሪው ውጤት በወረቀት ተጽፎ በሰው እጅ ለእኔ እንዲደርስ፣ እኔም ገጹ ላይ የሚታየውን እንዳላምን፣ በራስዎ እጅ ጽሑፍ አዝዘዋል። እናታችንን ፈጣሪ ይማርልን፤ የታዘዝኩትን አንድ ሳላጎድል እፈጽማለሁ። ማስታወሻዎን ይዤ ላቦራቶሪ ሄጄ ለባለሙያው አሳየሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ከዚያ እስክሪብቶውን አነሣና የእህቴን ሙሉ ስም ጠየቀኝ። የአማትዎን ስም ሸፍኜ የማስታወሻዎን ቅጂ ደም ለሚጠባበቁት ክፍሎች ሁሉ አድያለሁ። ዋናው እኔ ዘንድ ነው፤ አልመልስልዎትም።