የእናትህ ቀጠሮና የሚያፈሰው መኪና

ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ

ለልጄ አባት፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። ልደውልልህ አስቤ ነበር። ግን ተኮራርፈን ከሄድክ ወዲህ ድምፅህን ስሰማ ወይ እቆጣለሁ፣ ወይ ሆድ ይብሰኛል፤ ያሰብኩትን ሳልናገርም እዘጋዋለሁ። በወረቀት ይሻላል፤ ማታውኑ እንዲደርስህ በሰው እልከዋለሁ።

ማክሰኞ ጠዋት መኪናው ሥር ውሃ ተኝቶ አገኘሁ። ኮፈኑን ስከፍት የራዲያተሩ ቱቦ ተሰንጥቋል። የእናትህ የዓይን ቀዶ ጥገና ቀጠሮ ደግሞ ለዛሬ ነበር። ሆስፒታሉ ከከተማ ውጭ ነው፤ እሷ በዚያ ዓይኗ አውቶቡስ ላይ እንዴት ትወጣለች? ያ «ነገ ና» ብለህ ስም ያወጣህለት መካኒክ ጋ ደወልኩ። ምን አለኝ መሰለህ? «ነገ አምጪው!» ትናንት ስደውልም ያው «ነገ»።

«ቱቦ መቀየር ምን ያቅታል» አልኩ፤ አፌን በቆረጠው። አዲሱን ገዝቼ ትናንት ግቢ ውስጥ ጀመርኩ። የአሮጌው ማሰሪያ ዝጎ ከብረቱ ጋር ተጋብቷል። ካቻቢቴው እየሸሸ እጄን ላጠው። በፒንሳ ታገልኩት፣ ሰደብኩት፣ አንተንም አብሬ ሰደብኩህ። በመጨረሻ ቱቦውን በቢላዋ ቆርጬ አወጣሁት። አዲሱን አስገብቼ ውሃ ስሞላ ደግሞ ሁሉም ጫማዬ ላይ ፈሰሰ! ለካ ገልብጬ ነው የገጠምኩት። አውጥቼ መልሼ ብገፋው ደግሞ እምቢ አለኝ። መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

እናትህ ግድግዳውን እየዳበሰች መጣች።

«ምን ሆንሽ ልጄ?»

«አልገባም አለኝ እማዬ። ነገ ቀጠሮሽ ሊያልፍ ነው።»

«ይለፋ! ዓይኔ እንደሆነ ያየውን አይቷል። ደረቁን ነው እንዴ የምትገፊው? ሳሙና ቀቢው እንጂ።»

አጠገቤ ተቀመጠችና የቱቦውን አፍ በጣቷ ዳበሰች። «ይኸው፣ ወደዚህ ይጣመማል» አለችኝ። እሷ ያዘች፣ እኔ ገፋሁ። ሸርተት ብሎ ሲገባ ሁለታችንም ወደ ኋላ ወደቅን። እንዴት እንደሳቀች ብታይ! ልጅህ «አያቴ ምን ሆነች?» ብላ ሮጣ ወጣች። ሞተሩን አስነስተን ብንጠብቅ፣ ብንጠብቅ፣ ጠብ የለም።

እጄን ታጥቤ ስገባ እናትህ «እስቲ ቁስልሽን» ብላ ግራ እጄን ተቀበለችኝ። ቁስሉ ግን የቀኝ እጄ ላይ ነበር። ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳበሰች። ለሥራው ብዬ አውልቄው የነበረውን የቃል ኪዳን ቀለበቴን መልሼ አድርጌዋለሁ። እሱን ስታገኝ እጄን ጨብጣ ያዘችው።

ዛሬ ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። ነገ ጠዋት ፋሻው ይፈታል። ሐኪሙ «ማንን ነው መጀመሪያ ማየት የሚፈልጉት?» ሲላት ፈገግ ብላ ወደ እኔ ዞረች፤ ስም ግን አልጠራችም።

መኪናው ደህና ነው፤ ለእሱ ብለህ አትቸገር። ማታ ማታ እንደሚበርድህ ስለማውቅ ወፍራሙን ሹራብህን አጥቤ አስቀምጬዋለሁ። እሱንም በሰው እንዳልልከው መንገድ ላይ ይጠፋል ብዬ ፈራሁ።

እናትህ «ከክፉ ይሰውርህ፣ የእጅህን ሥራ ይባርክልህ» ብላሃለች። እኔም አሜን ብያለሁ።

የልጅህ እናት