በሁለትና በሦስት መካከል ስለቀረው አልጋ

ለክቡር የጭነት ታሪፍ መረጃ ቋት ዋና ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ፣ በተለይም ወገብና ጀርባዎ፣ እንደምን እንደሆኑ እጠይቃለሁ። ባሕር ማዶ ያለችው ታላቅ እህቴ ወድቃ ከተሰበረች ወዲህ ሰባት ሳምንት ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተኝታ ጀርባዋ ስለቆሰለ፣ የሰው ጀርባ ያሳስበኝ ጀምሯል። ሐኪሟ ከፍና ዝቅ የሚል የሕሙማን አልጋ ካላገኘች ቁስሉ አጥንት ይደርሳል ብሏል። እዚያ ስለማይገኝ አልጋውን ከዚህ ገዝቻለሁ፤ መርከቡም ሐሙስ ይነሣል። በመካከላችን የቀሩት ክቡርነትዎ ብቻ ነዎት።

ስለተደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬ በተራ ቁጥር የሚከተለው ነው።

1ኛ. የታሸገውን አልጋ ሦስት ጊዜ ለክቼ፣ ርዝመቱ ሁለት ሜትር፣ ወርዱ አንድ ሜትር፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ከሃያ፣ ይዘቱም ሁለት ነጥብ አራት ሜትር ኩብ ብዬ ሞላሁ። ኮምፒውተርዎ «የሚዛመድ መደብ የለም» ሲል መለሰልኝ።

2ኛ. የመስኮት አራት ሠራተኛዎ ስክሪኑን አዙራ ምክንያቱን አሳየችኝ። በመረጃ ቋትዎ የጭነት ይዘት በየመደቡ ተቀምጧል፤ አንዱ መደብ ከአንድ እስከ ሁለት፣ ተከታዩ ከሦስት እስከ አምስት ይላል። የላኪው ቁጥር ከአንዱ መደብ ውስጥ ካረፈ ታሪፉ ይወጣል፣ የመርከብ ቦታም ይያዝለታል። ከሁለት የበለጠና ከሦስት ያነሰ ዕቃ ግን በዓለም ላይ እንደሌለ ስለተቆጠረ፣ የእህቴ አልጋ ከሁለት ያጣ ሆነ። እኔን ያስተማሩኝ መምህራን ክፍልፋይ የዘለለን ተማሪ ጥግ ያቆሙ ነበር፤ ዛሬ ኃላፊ እንደሚያደርጉት ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ።

3ኛ. በዚሁ ምክንያት ሁለት መርከቦች አምልጠውኛል። ለሦስት ደብዳቤዎቼ መልስ በመንፈግ ጊዜዬን ስለቆጠቡልኝ፣ ይህን አራተኛውን ሁሉም እንዲያነበው በመግቢያዎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

4ኛ. ያቺው ልጅ ወደ መስታወቱ ቀዳዳ ጠጋ ብላ፣ «እማማ፣ ዝም ብለው ሦስት ብለው ይሙሉት፤ ማን መጥቶ ይለካዋል?» አለችኝ። ደግነቷን አልጠላሁትም። ይሁን እንጂ ወደቡ ላይ ለኪ አለ፤ ቁጥሩ ከዕቃው ጋር ካልተስማማ ጭነቱ ይታገዳል። ደግሞም በሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ያልሆነውን ልክ ነው ብዬ አልፈርምም። ይህን ስላት ከኋላዬ የተሰለፈ አንድ ሹፌር፣ እኚህ እናት ከኮምፒውተር ጋር እልህ ተጋብተዋል ብሎ ሰልፉን አሳቀው።

5ኛ. የቴክኒክ ክፍልዎ «ከሦስት» የሚለውን «ከሁለት በላይ» ብሎ ለማረም ኮሚቴ በሚመጣው ወር እንደሚሰበሰብ ገልጾልኛል። ቁስሉ እስከዚያ እንዲታገሥ ለእህቴ በስልክ ነገርኳት። ሳቀች፤ ከዚያ መርከቡ የሚነሣበትን ቀን ደግማ ጠየቀችኝ። አጠያየቋን አልወደድኩትም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ከረቡዕ ቀትር በፊት ያቺን አንዲት ቁጥር እንዲያርሙልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ትክክለኛ ልክ ይዛ በመምጣት ሥራዎን ያስተጓጎለች፣
አክባሪዎ፣ ጡረተኛዋ የስፌት መምህርት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ረቡዕ ቀትር አለፈ። አናጺ ጎረቤቴ ስድስት ዐሥረኛ ሜትር ኩብ የሚሆን ባዶ ሳጥን ሠርቶልኝ፣ ከአልጋው ጋር አንድ ላይ አሰርነው። ሦስት ሞላ፤ ኮምፒውተርዎም ያለ አንዳች ጥያቄ ተቀበለው። አልጋው ነገ ይሳፈራል። በጭነት ሰነዱ ላይ «በሳጥኑ ውስጥ ያለው ነገር» ለሚለው ጥያቄ በሐቅ «ምንም» ብዬ መልሻለሁ፤ «የሚላክበት ምክንያት» በሚለው ሥር ደግሞ የክቡርነትዎን ሙሉ ማዕረግ ጽፌአለሁ።