ያልለካነው ድንኳን

ይድረስ ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እህቴ ለፍረወይኒ፣
ካርቱም።

ከሁሉ አስቀድሜ የናፍቆት ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ የሚያስቸግርሽ ወገብሽ ተሻለው ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት ይይዝሻል? ባለቤትሽ ጋሽ ነጋሲስ ደህና ናቸው? ጋራዡ ሥራ አለው? ልጃችሁ ሰገን ትምህርት ቤት እንደገባች ሰምቻለሁ፤ አማርኛ ትናገራለች ወይስ ዓረብኛው ብቻ ቀረላት? ሙቀቱን እንዴት ቻላችሁት? እዚህ ሰኔ እንደገባ ዝናቡ ጀምሯል፤ የሰፈራችንን ጭቃ መቼም አትረሺውም። እኔ ወንድምሽ ዘአማኑኤል ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ደህና ነኝ የምልሽ ደብዳቤ ሲጻፍ እንዲህ ስለሚባል ነው እንጂ ደህናስ አይደለሁም።

እናታችን ካረፈች ወዲህ አንድም ደብዳቤ አልጻፍሽልኝም። እኔም አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀደድኩ። በታኅሣሥ ጎረቤታችን ጀማነሽ ለንግዷ ካርቱም ደርሳ ስትመለስ፣ ከአውቶቡሱ ሳትወርድ ነው የደረስኩባት። ፍሬ ምን ላከችልኝ ብዬ ስጠይቃት ዕቃም ወረቀትም እንዳልሰጠሻት፣ አንድ ቃል ብቻ እንዳልሽ ነገረችኝ። «ዛፎቹ ይቅበሩት» ብለሻል። ጀማነሽ ይህን ስትነግረኝ ዓይኔን አላየችም፤ ሻንጣዋን ስታስተካክል ነበር።

አልፈረድኩብሽም። በሰው አገር የእናትን መርዶ መስማት አንሶ፣ በደጇ ድንኳን አልተተከለላትም፣ ሰው አልመጣላትም፣ ይህን ሁሉ ያደረገው ወንድምሽ ነው ሲሉሽ ምን ልትይ ኖሯል? እኔ ብሆን ከዚህ የከፋ እናገር ነበር። ግን የሰማሽው ግማሹን ነው። የቀረውን እኔ ልንገርሽና ከዚያ በኋላ ብትፈልጊ ያንኑ ቃል ድገሚው።

ከቤታችን ጎን ያለችውን ሜዳ ታስታውሻታለሽ። ሜዳ ካልናት ነው እንጂ አመዱ፣ የሽንኩርቱ ልጣጭ፣ እጣቢው፣ የሞተው ድመት ሁሉ መውደቂያው እዚያ ነበር። የምትጠረገው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። የእድሩ ሰዎች መጥተው ቆሻሻውን ወደ ዳር ገፋ ገፋ ያደርጉና አፈር በትነውበት ድንኳኑን ይተክላሉ፤ በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነሳ ቆሻሻው ወደ ቦታው ይመለሳል። የአባታችንም ለቅሶ እዚያ ነበር። እኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ለቅሶው ትዝ አይለኝም፣ ሽታው እንዳይገባኝ በጣቶችሽ አፍንጫዬን ይዘሽልኝ እንደነበር ግን ትዝ ይለኛል።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ በሰንበት ትምህርት ቤታችን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አቋቋምን። ሠላሳ አንድ ነበርን፣ ሊቀመንበር እኔን አደረጉኝ። ቤተክርስቲያናችን ዶማና አካፋ፣ ሦስት የእጅ ጋሪም ሰጠን። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ልጆቻቸውን ላኩልን። ችግኙን የነፍስ አባታችን ራሳቸው ከጉለሌ በታክሲ ጭነው ሲያመጡ፣ ወያላው ለችግኙም እንደ ሰው ካልከፈላችሁ ብሎ ሲከራከራቸው ሳቅ በሳቅ ሆነን ነበር። አስር ቅዳሜ ሙሉ ቆሻሻ ስናወጣ ከረምን። ዋናው መንገድ ላይ እስካለው ገንዳ ድረስ በጋሪ እየገፋን፣ ልብሳችን ሸቶ ቤተሰብ ከደጅ አውልቃችሁ ግቡ እስኪለን ድረስ ሠራን።

በሐምሌ 1993 ሃያ አራት ችግኝ ተከልን። ግራቪሊያ አለ፣ ጽድ አለ፣ ወይራ አለ። እናታችን አደይ ዕቃ ያጠበችበትን ውሃ እያመጣች ታጠጣልን ነበር። ሳሙናው ይጎዳዋል ስላት፣ «አንተንም እያጠብኩ ያሳደግኩህ በሳሙና ነው፣ ምን ሆንክ?» ትለኝ ነበር። በዓመቱ ዝንቡ ቀነሰ፤ ክረምት በገባ ቁጥር የሰፈሩን ሕጻናት የሚይዛቸው ተቅማጥም ቀነሰ። ከካዛንቺስ ድረስ ወጣቶች እንዴት እንደሠራነው ሊያዩ መጡ። ያን ጊዜ በሰፈር ስሄድ ደረቴን ነፍቼ እንደነበር አልደብቅሽም።

ያላሰብነው አንድ ነገር ነበር። ሰው ይሞታል። መንገዶቻችን ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስኬዱ ናቸውና ከዚያች ሜዳ ሌላ ድንኳን የሚችል ቦታ የለም። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ሲያርፉ ድንኳኑ ታች ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ተተከለና ቤተሰባቸው ክፉኛ አዘነ። በግንቦት እድሩ ስብሰባ ጠራ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሃድጉ ተነስተው፣ ለለቅሶ የቀረን አንድ መሬት ነው፣ እሱንም ወሰዳችሁብን፣ ስለዚህ ችግኙ ይነሳ አሉ። ብዙ ሰው ልክ ነው አለ። ሥራችን ሁሉ ገደል ሊገባ ነው ብዬ ዘልዬ ተነሳሁና «እናቴ ትሙት፣ አንዷም አትነቀልም!» አልኩ።

ይህ መሐላ እኛ ዘንድ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ታክሲው ሞልቷል ለማለት እንምልበታለን፣ ምሳ በልቻለሁ ለማለት እንምልበታለን። አደይ ከሴቶቹ መሃል ተቀምጣ ነበርና «ምን አድርጌህ ነው ደግሞ እኔን?» ስትል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ሃድጉም ሳቁ። ያ ሳቅ ነው የረዳኝ፤ ችግኙ ለጊዜው ይቆይ ተብሎ ስብሰባው ተበተነ። ከስብሰባው ስንወጣ ክንዴን ይዛ እስከ ቤት ድረስ ስትስቅብኝ ሄደች።

በሁለተኛው ወር፣ ከቅዱስ ቂርቆስ ንግሥ በሦስተኛው ቀን አረፈች። ልቧ ነው አሉ ሐኪሞቹ። በዚያው ጠዋት ጋሽ ሃድጉ ዶማ ይዘው መጡ። ክርክራችንን ሁሉ ረስተው፣ ዓይናቸው ቀልቶ፣ «ልጄ፣ እሺ በለኝ ብቻ፤ አሁኑኑ እናነሳዋለን፤ እናትህ በደጇ ይለቀስላት» አሉኝ።

ፍሬ፣ እምቢ አልኩ።

ለምን እንዳልኩ ዓመቱን ሙሉ ራሴን ስጠይቅ ኖርኩ። በዚያች ሰዓት ጆሮዬ ውስጥ የነበረው መሐላዬ ብቻ ነው። በሞቷ የማልኩበትን ነገር በሞተች ቀን ብነቅለው፣ በከንቱ የማልኩባት መሰለኝ። ትዕቢትም ነበረበት፤ የክበቡ ልጆች አጥሩ ዙሪያ ቆመው ምን እንደምል ይጠብቁ ነበር። እንግዲህ ከአፌ ወጣ፤ ከወጣ በኋላ መመለስ አቃተኝ። ጋሽ ሃድጉ ዶማቸውን ይዘው ሲሄዱ ከኋላቸው አልጠራኋቸውም።

ድንኳኑ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ጭቃ ላይ ተተከለ። ከሜክሲኮ፣ ከጎተራ የመጣው ዘመድ በለመደው መንገድ ቤታችን ይደርስና ድንኳን ያጣል። አንዳንዱ ቀን የተሳሳተ መስሎት ተመልሷል። ከአደይ ጋር በርበሬ ይሸጡ የነበሩት እናቶች ያንን ቁልቁለት በዝናብ መውረድ አቅቷቸው፣ ከተዘጋው በራችን ላይ ቆመው አልቅሰው ሄዱ። ታች ስለነበርኩ አላየኋቸውም፤ የሰማሁት በኋላ ነው። በሁለተኛው ቀን ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው አስራ አራት ነው። የሰው ለቅሶ አምልጧት የማያውቅ ሴት! ይህን ያህሉን የነገሩሽ ሰዎች አልዋሹሽም።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ብቻዬን ነኝ። ሽሮ ስሠራ ሁልጊዜ ለሁለት ሰው ይሆንብኛል። የጎረቤታችን የእትዬ ቡዜ ቤትና የእኛ ቤት በአንድ ግድግዳ እንደሚለያይ ታውቂያለሽ፤ ማታ ማታ ግድግዳውን በጭልፋ መታ መታ አድርገው «በልተሃል?» ይሉኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ እኔን ብሎ የሚጠራኝ ድምፅ እሱ ብቻ የሚሆንበት ቀን ብዙ ነበር። በጥምቀት ሰሞን ክበባችን የምስክር ወረቀት ተሰጠው፤ ስሜ ተጠርቶ ተጨበጨበልኝ። ወረቀቱን ይዤ ቤት ገባሁና የማሳየው ሰው አጣሁ። ዛፎቹ ጣሪያችንን አልፈዋል፤ ያየ ሁሉ ቦታው አማረ ይላል። እኔ ግን በፊት ለፊት ማለፍ ስላቃተኝ ዞሬ በጓሮ መግባት ጀምሬ ነበር።

አሁን የምነግርሽን በወረቀት ማርዳት ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ይህን ሳልነግርሽ የቀረውን ልነግርሽ አልችልምና ይቅር በይኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት እትዬ ቡዜ አረፉ። አንቺንም እኔንም አዝለው ያሳደጉ ሴት ናቸው፤ ነፍስ ይማር።

ጠዋት የእድሩ ሰዎች የድንኳኑን ብረትና ሸራ ተሸክመው በደጃችን መጡ። የእድሩ ዕቃ ጠባቂ ጋሽ ኦልጅራ ሸክማቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው ትንሽ አረፉ፤ እንዴት አደርክ አሉኝና ወደ ወፍጮ ቤቱ ቁልቁል ሊወርዱ ተነሱ። ዛፉ ይነሳልን ያለኝ ሰው የለም። መጠየቁንም ትተውታል። ለእናቱ ያላዘነ ለጎረቤት ያዝናል ብሎ ማን ይጠይቀኛል? ያ ዝምታ ከስድብ ሁሉ ባሰብኝ። «ጋሽ ኦልጅራ፣ ይጠብቁኝ» አልኩና ቤት ገብቼ ዶማ አወጣሁ።

ከመሃል ጀመርኩ። የሁለት ዓመት ሥር እንዴት እንደሚይዝ ብታይ፤ መዳፌ ተላጠ። የክበባችን ጸሐፊ ሀዊ፣ ከሁሉም ይልቅ የምትቀርበኝ ልጅ፣ ወሬውን ሰምታ እየሮጠች መጣች። «ኧረ በቃ! አብደሃል እንዴ? ማለቴ፣ ለእናትህ ያላነሳኸውን?» አለችኝ። ቁፋሮዬን ቀጠልኩ። ቆማ አለቀሰች። ከዚያ ግን የነቀልኩትን ከነአፈሩ በማዳበሪያ ከረጢት እየጠቀለለች ወደ ቤተክርስቲያኑ ግቢ አስወሰደችው።

ስንት የነቀልኩ ይመስልሻል? ስድስት። ስድስት ብቻ፣ ፍሬ! ስድስተኛው ሲነሳ ጋሽ ኦልጅራ መሬቱን በርምጃቸው ለኩና ይበቃል አሉኝ። ድንኳኑ በቀሩት አስራ ስምንት ዛፎች መሃል ልክክ ብሎ ቆመ። ጋሽ ሃድጉ መጥተው ዙሪያውን ሲያዩ ቆዩና፣ «እናንተም ስትተክሉ ድንኳኑን አልለካችሁ፣ እኛም ንቀሉ ስንል አልለካን» ብለው ተቀመጡ። ዓመት ሙሉ የተጣላንበት ነገር በአንድ ገመድ የሚለካ ነበር። አደይም በደጇ ይለቀስላት ነበር፣ ዛፎቹም ይቆሙ ነበር።

ክበቡ በማግስቱ ተሰብስቦ፣ ሳታማክረን ነቅለሃል ብሎ ከሊቀመንበርነት አወረደኝ። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ያስረከብኩት ለሀዊ ነው። ተቀበለችኝ፤ ቃል ግን አልተናገረችኝም፣ እስከ ዛሬም አታናግረኝም። እውነቷን ነው። አንቺንም አጣሁ፣ እነሱንም አጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ፣ ከወንዶቹ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀምጬ በድንገት ለቅሶ ያዘኝ። በአደይ ቀን እንባ እንቢ ያለኝ ሰውዬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አለቀስኩ። ሰው ለእትዬ ቡዜ መስሎት ያባብለኝ ጀመር። ጋሽ ሃድጉ ግን ተዉት፣ ይህ የእናቱ ለቅሶ ነው አሏቸው። ያን ጊዜ ከሴቶቹ በኩል አንዷ የአደይን ስም ጠርታ አለቀሰች። ሌላዋ ተቀበለቻት። በርበሬ ሻጮቹ ሁሉም መጥተው ነበር፤ ደረታቸውን እየመቱ ደግነቷን እየተናገሩ አለቀሱላት፣ በዚያው በደጇ። የእትዬ ቡዜ ልጆችም አልተቀየሙንም፣ አብረው አለቀሱ። ሁሉም ሰው ነበረ። አንቺ ብቻ አልነበርሽም።

ሐምሌ 22 ሙት ዓመቷ ነው። እድሩ ድንኳኑን በደጃችን ሊተክልልን ፈቅዷል። ነይልኝ፣ እህቴ። ይቅር ብለሽኝ ነይ አልልሽም፤ ተቆጥተሽም ነይ፣ ሰው ፊትም ስደቢኝ። በዚያ ቤት ውስጥ የምትቆጣኝም የለችም።

ለጋሽ ነጋሲ አክብሮታዊ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ላቆይሽባቸው አይደለም፣ ለሳምንት ብቻ እንዲፈቅዱልኝ ንገሪያቸው። ሰገንን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ አጎት እንዳላት ንገሪያት። ከእናንተ ጋር ለሚኖሩት ለጋሽ ነጋሲ እናት ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በይልኝ። ጋሽ ሃድጉና ጋሽ ኦልጅራ እጅ ነስተዋል፤ የነፍስ አባታችንም በጸሎት እንዳልረሱሽ ንገራት ብለውኛል።

መልስ መጻፍ ካልፈለግሽ አትጻፊልኝ። ይህንኑ ደብዳቤ በፖስታ መልሰሽ ላኪልኝ እንጂ አትጣይው። አድራሻዬን ግን ራስሽ ጻፊበት፤ የእጅ ጽሑፍሽን ካየሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው።

ወንድምሽ ዘአማኑኤል
ቂርቆስ፣ አዲስ አበባ
ሰኔ 12 ቀን 1995 ዓ.ም.