የካርኔቫሉ መርዶ

ጥር 29

ብርድ። የማስታምማትን ሲኞራ ፒናን አጥቤ፣ ፀጉሯን አበጥሬ መስኮቱ ጋ አስቀመጥኳት። አሮጊቷ ታች መንገዱን እያየች ትስቃለች። ባንዲራ እየሰቀሉ ነው። የዚህች የጣልያን ከተማ፣ የኢቭሬያ ሰው፣ በካርኔቫሉ ብርቱካን እየተወራወረ ሊፈነካከት ቀኑ ደርሷል። እኔ ግን ካርኔቫል ሲሉኝ ፊቴን አዞራለሁ። አምና...

አልጽፈውም።

ጥር 30

እሺ፣ ልጻፈው። ከማን ልደብቀው ነው?

አምና፣ በካርኔቫሉ ዋዜማ፣ አባቴ አገር ቤት፣ መሐል ሜዳ ከተማ፣ ሞተ። ወንድሜ እሱባለው ለኔ አልደወለም። ብቻዋን ላለች ልጅ መርዶ በስልክ አይነገርማ። እዚሁ ላለው ላገራችን ልጅ ለበዕውቀቱ ደወለለት። "ሰው ሰብስበህ፣ በጠዋት፣ በወጉ አርዳት" አለው። እሱስ? በማግስቱ የካርኔቫሉን ቀይ ቆብ ደፍቶልኝ ካርኔቫል ይዞኝ ወጣ! ፎቶ አነሳኝ። ጥርሴ አንድ አልቀረም፣ ሁሉም ይታያል። ያንን ከራሱ ፎቶዎች ጋር ለናቱ ላከው። መሐል ሜዳ ሁሉ አየው። ለእሱባለው ደግሞ "አርድቻታለሁ፣ አልቅሳለች" ብሎ ማለለት።

ከዚያ ወዲህ ስደውል የሚያነሳልኝ ጠፋ። በፋሲካ እናቴ አነሳች። "አባባ እንዴት ነው?" አልኳት። ምን አለችኝ? "አፈሩ ሳይደርቅ ጨፍረሽበት ደግሞ እንዴት ነው ትያለሽ?" ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። አባቴ መሞቱን የሰማሁት እንዲህ ነው። ስንት ጊዜ "አልሰማሁም ነበር" ብዬ ማልኩ... ማን ያምናል? ፎቶው አለ።

አፈር ያብላው።

የካቲት 4

ቅበላ። ነገ ጾም ይገባል። እትዬ ወሰንየለሽ ቤት ሥጋ በላን። የመርሐቤቴ ሰው ናቸው፣ እዚህ ላለነው ሁሉ እናት። በዕውቀቱም መጣ! ሁሉንም እየዞረ ሳመ። ዘንድሮ ጋሪ ላይ ወጥቶ ብርቱካን ሊወረውር ነው፣ አለቃው አስገብቶታል። እሱን ብቻ ያወራል።

ደረጃው ላይ ያዝኩት።

"ለእናቴ ደውልና እውነቱን ንገራት።"

"አሁንም ይኼ ነገር አልወጣልሽም? ካርኔቫሉ ይለፍ፣ አትደንግጥ ብዬ እኮ ነው። ከዚያ ነገ፣ ነገ ስል..."

"ንገራት።"

"ዋሸሁ ልበል? እናቴ በምን ዓይኗ ቤተ ክርስቲያን ትገባለች?"

የሱ እናት ዓይን! የኔስ እናት? የአባቴ ሙት ዓመት የካቲት 18 ነው። "ለዓመቱ እጅሽን እንዳታስገቢ" ብላ በእሱባለው ልካብኛለች። ለገዛ አባቴ ተዝካር ሻማ እንኳ!

እትዬ ወሰንየለሽ ፊቴን አይተው "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ግን የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

የካቲት 8

የሲኞራ ፒና ልጅ የብርቱካን ወርዋሪ ቡድኗን ልብስ አዋሰችኝ። እወረውራለሁ። የበዕውቀቱን ፊት ነው የምመታው።

የካቲት 11

ጉድ ነው! ጋሪውን ፈረስ ይጎትተዋል፣ ላዩ ላይ የቆሙት የቆዳ ጭምብል አጥልቀዋል። እኛ እግረኞቹ ባዶ ፊት። ብርቱካኑ ተረጋግጦ ጭቃ ሆኗል። የሰው ሲሳይ እየረገጥኩ... እመብርሃን ይቅር ትበለኝ።

በዕውቀቱን በቁመናው ለየሁት። ወፍ ከገብስ ላይ ሳባርር ያደግሁ ነኝ፣ እጄ አይስትም። አንዱን ግንባሩ ላይ፣ አንዱን አፉ ላይ! "ይኼ የአባቴ! ይኼም የአባቴ!" እያልኩ ስጮህ አጠገቤ ያሉት ጣልያኖች ዘፈን መስሏቸው "አባቴ! አባቴ!" ይሉልኛል። ክንዴ እስኪዝል ወረወርኩ።

ጋሪው ቆመ። ወርዶ ጭምብሉን አወለቀ። ከንፈሩ አብጧል። አየኝ... ደስ አለው!

"አንቺ ነሽ? እሰይ የመንዝ ልጅ! ምን ዓይነት እጅ ነው!"

አቀፈኝ። ላቡንና ጭማቂውን ላዬ ላይ አደረገው። ሰው አጨበጨበልን። በንዴት እንባዬ መጣ። ለካ ካርኔቫል ላይ ዱላም ጨዋታ ነው። ብፈነክተው ኖሮ ያመሰግነኝ ነበር።

የካቲት 12

እንቅልፍ የለም። ሲኞራ ፒና እንቁላል ያለበት ጥብስ ዳቦ ልታጎርሰኝ ትታገላለች። ጾም ነው ብላት አይገባትም።

ምን ባደርገው ነው ስቆ የማያልፈው?

ማታ እትዬ ወሰንየለሽ ጋ ሄድኩ። "መርዶ ላደርስ ነው" አልኳቸው።

"ለማን?"

"ለበዕውቀቱ። የአባቴን።"

"እርቅ ብዬሽ ነበር" አሉ። ከዚያ ደግሞ "ጥቁር ቀሚስ አለሽ?" አሉኝ።

የካቲት 13

ጎህ ሲቀድ ሄድን። ያገር ሰው የተባለ ሁሉ ነበር፣ እትዬ ጠርተዋቸዋል። ነጠላችንን አዘቅዝቀን ደጁን አንኳኳን። ካናቴራ ለብሶ ዓይኑን እያሸ ወጣ።

"ምነው? ማን ሞተ?"

"አባቴ ገብረየሱስ አረፈ" አልኩት። "በወጉ ልናረዳህ መጣን።"

እትዬ ወሰንየለሽ እዬዬውን ለቀቁት። ሴቶቹ ተቀበሉ። እኔ ደረቴን መታሁ... መጀመሪያ ለሱ ብዬ ነበር፣ በኋላ ግን የእውነቴን አለቀስኩ። አባባዬ! ዓመት ሙሉ ያልወጣልኝ ወጣ። የጎረቤት መስኮት ተከፈተ። የካርኔቫሉ ትርኢት መስሏቸው ሁለቱ አጨበጨቡ፣ ኋላ ፊታችንን አይተው ተዉት።

"ኧረ በማርያም! ሰው ያያል!" አለ በዕውቀቱ።

"ይየዋ!" አልኩት። "ሰው ሰብስበህ አርዳት ተብለህ አልነበር? ይኸው ሰው!"

አልሳቀም። ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። እትዬ ደውለው፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍተው ስልኩን እጁ ላይ አደረጉለት። መሐል ሜዳ እናቴ አነሳች። ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ።

"እማማ... እኔ ነኝ። አልነገርኳትም ነበር። ፎቶውን ሳነሳት አባቷ መሞቱን አታውቅም።"

ከዚያ የእናቴ ድምፅ፦ "ስልኩን ለልጄ ስጥልኝ።"

ልጄ አለች። ሁሉም ሰምቷል።

የካቲት 18

የአባቴ ዓመት። እሱባለው ደውሎ ስልኩን በለቀስተኛው መሀል ያዘልኝ። እናቴ ከተዝካሩ በፊት ተነስታ "ልጄ አልሰማችም ነበር፣ ያማችኋት ይቅርታ ጠይቋት" ስትል ሰማሁ። ሻማውን በስሜ አብርታለች። የበዕውቀቱ እናት ነጠላቸውን ተከናንበው ወጡ አሉ። እሳቸው አሳዘኑኝ። እሱ ግን... አላሳዘነኝም፣ ምን ልዋሽ!

ከሰዓት መጣ። በሩን ሳልከፍት ቆሜ ሰማሁት። ያለቅሳል።

"ይቅር በይኝ። የሰው ዓይን ገደለኝ።"

"ነገ ና" አልኩት።

ነገም ሲመጣ ነገ ና እለዋለሁ። እስከ ዓመት ድረስ።