በፊልም ደጋግማ የሞተች እናት ቃል

እኔ ዕድሜዬን በፊልም ተዋናይነት የገፋሁ፣ አሁን በሳንባ ሕመም አልጋ ላይ የዋልኩ ሴት፣ ዛሬ ማክሰኞ ሚያዝያ ፱ ቀን፣ ልቡናዬ ሳይናወጥ፣ አንደበቴ ሳይታሰር፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ የመጨረሻ ፈቃዴን በምስክሮች ፊት ተናግሬ አስጽፌአለሁ።

የምኖርበትን ቤት ለአንድያ ልጄ አውርሻለሁ። ታናሽ እህቴ ግን በሕይወት እስካለች ከጓሮ ባሉት ሁለት ክፍሎች ትኑር፤ ማንም አያስወጣት። አጥባኝ፣ አገላብጣኝ፣ ስቆጣትም ችላኛለች። ልጄ ሆይ፣ አክስትሽን እንደ እናት እያት።

«ጠይቃት የማታውቅ ልጅ ቤቱ ምን ይገባታል?» የሚል ቢኖር ይስማኝ። በፊልም የምትታመመውና የምትሞተው እናት ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ። ልጄን በሕፃንነቷ እህቴ ሲኒማ ቤት ወሰደቻት፤ ሞቴን ስታይ ጩኸቷ አዳራሹን አናወጠው። አቅፌ «ይኸው አለሁ» ብላትም ልቧ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ትኩሳት እንኳ ሲይዘኝ አታምነኝም። በቀደም እህቴ መታመሜን በስልክ ብትነግራት፣ «እማዬ መሞት ታውቅበታለች፤ ትነሳለች» አለቻት። አልተቀየምኳትም።

በፊልም ሟች ፊቱ ላይ ብርሃን ይወርድለታል፤ የሚለውን ብሎ ዓይኑን ይከድናል። እውነተኛው እንዲህ አይደለም። አፍ ይደርቃል፤ የሰው ስም ይጠፋል፤ ሰው በትራሱ እንኳ ይነጫነጫል። ፍርሃት ይመጣል ብዬ ስጠብቅ የመጣው ቅናት ነው፤ ነገ ጠዋት ዳቦ ሊገዙ በሚወጡት ሰዎች ቀናሁ።

አሮጊት ሆኜ ስሠራ የማጠልቀውን ነጭ ሰው ሠራሽ ፀጉር ለትወና ተማሪዎች ስጡልኝ፤ አሁንማ ከራሴው ፀጉር እሱ ይበዛል። በቀብሬ ሰሞን የምሞትበትን ፊልም ማንም እንዳያሳይ። ልጄ በአንድ እናት ሁለት ጊዜ አታልቅስ። ለቀድሞ ባልደረባዬ ለካሜራ ባለሙያው ምንም አልተውኩም፤ ምስክር አይወርስምና ይቻለው። ይህን ስል ሳቀ፤ ቀጥሎም ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

እዚህ ላይ ሳለን ልጄ ሻንጣዋን እንደያዘች ገባች። ለዚህ ሰዓት የሚሆን ቃል ሳጠና ኖሬ አንዱም አልመጣልኝ አለ። ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ እግሬን ዳሰሰችው፤ ቀዝቅዞ ነበር።

«እማዬ፣ እውነት ነው እንዴ?» አለችኝ።

«እውነት ነው፣ ልጄ» አልኳት።

ጸሐፊው ይህም ይጻፍ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ይጻፍ አልኩ።

ቃሌ ተነብቦልኝ የእኔው መሆኑን አረጋግጫለሁ። ብዕር መያዝ ስላቃተኝ በአውራ ጣቴ አትሜአለሁ።

ምስክሮች፦
የካሜራ ባለሙያው (ፊርማ)
የምታስታምመኝ ነርስ (ፊርማ)
ጽፎ የመሰከረው ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው (ፊርማ)

ልጄ ወራሽ ናትና አልፈረመችም። ይህ ሲፈረም እግሬን በሁለት እጇ ይዛ ታሞቅ ነበር።