ለጾም የተተወ ኪኒን

ኅዳር 19፣ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ጅጋ ገበያ

በርበሬው ገና እርጥብ ነው፤ አልገዛም። ግራ ባቴ እንደገና ያዘኝ። ትንሽ ስሄድ ይጨመድደኛል፣ ስቆም ይለቀኛል። ሰው እንዳያውቅብኝ አንዲት ሴት ፊት ቆሜ አንድ ዛላ አነሳሁ፤ አጠፍኩት፣ አሸተትኩት። ሲለቀኝ ሄድኩ። ጥቂት አልፌ ደግሞ ቆምኩ። ሞላ፣ የቡሬው ነጋዴ፣ ከኋላዬ እየተከተለ የቆምኩበትን ሁሉ ገዛ። የማውቀው ነገር ያለ መስሎት። እርጥብ በርበሬ ጭኖ ሄደ። የራሱ ጉዳይ።

ኅዳር 22፣ ፍኖተ ሰላም

ሆስፒታል ሄድኩ። ለባለቤቴ ለጥሩዬ አልነገርኳትም። ሐኪሟ ልጄን ታክላለች። ግፊቴን በክንዴ ለካች፣ ቀጥላ በቁርጭምጭሚቴ። ወደ እግሬ የሚወርደው ደም ቀንሷል። ስኳር ከፍ ብሎ ሲቆይ የደም ሥር ውስጡ ይቆጣል፣ ይደድራል፣ ይጠባል አለች። ይለሰልስ እንደሆነ ጠየቅኩ። እንደ ቀድሞው አይሆንም አለች፤ እንዳይብስ ማድረግ ግን ይቻላል። ችላ ካልኩት እግሬም ልቤም ያሰጋል። መሄዴን እንዳልተው፣ ሲያመኝ አርፌ እንድቀጥል አዘዘች።

ከዚያ ስለ ስኳር ኪኒኔ ጠየቀች። በጾም እንደምተወው ነገርኳት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ካልቀመስኩ ስኳሩ ከየት ይመጣል?

«ጋሼ፣ ጉበትዎ አይጾምም» አለችኝ። እሱም ስኳር ይሠራል ማለቷ ነው። ኪኒኑን በጾምም ጠዋት ከምግብ ጋር እንድውጥ አዘዘች።

ይህን አላውቅም ነበር። ስንት ጾም አልፏል።

ኅዳር 24

የነፍስ አባቴ ዘንድ ደረስኩ። የታመመ ሰው ለመድኃኒቱ ብሎ ቢበላ ጾም ሻረ አይባልም አሉ። ቀድሜ ባለመጠየቄ ተቆጡ። ማታ ለጥሩዬ ነገርኳት።

«እኔ ስናገር የሴት ወሬ፣ እሳቸው ሲናገሩ ቀኖና!»

ለነገ ቁርስ እንድትቋጥርልኝ ጠየቅኳት።

የቀረው የሰው ዓይን ነው። ገበሬው የሚያምነኝ በሚዛኔ ብቻ አይደለም፣ በጾሜም ነው። በጠዋት ስበላ ቢያየኝስ?

ኅዳር 25

ጥሩዬ የሽሮ ፍትፍት ቋጠረችልኝ። መጋዘን ገብቼ ከጆንያ ጀርባ በላሁ። ኪኒኑን ዋጥኩ። እንደ ሌባ።

ስወጣ ይመኙሽ በር ላይ ቆማለች። በርበሬ የምታመጣልኝ ደንበኛዬ ናት። ስኳር እንዳለባት አውቃለሁ። እግሯን በጨርቅ ጠምጥማዋለች። ትንሽ ቁስል ነበረች፣ አልድን አለች አለችኝ። መድኃኒቷን እየወሰደች እንደሆነ ጠየቅኳት። ሳቀች።

«ጾም አይደለም እንዴ? እርስዎም ይተዉታል ሲሉ ሰማሁ። እርስዎን ያቆመ አምላክ እኔን ይጥላል?»

የሰማችው እውነት ነው። ማኅበር ላይ በኩራት ያወራሁት ነው። ከዚያ ጠበል ከጠጡት ስንቱ ስኳር እንዳለበት አላውቅም።

ባጃጅ ጠርቼ ሆስፒታል ላክኋት። ጥሩዬ አብራት ሄዳለች፤ እስካሁን አልተመለሱም።

ማስታወሻዬ፣ ነገ የገበያ ቀን ነው። ወንበሬን ከሱቁ ደጃፍ አወጣለሁ። እዚያው ቁርሴን እበላለሁ፣ ኪኒኑንም ሰው እያየኝ እውጣለሁ። ለሚጠይቀኝ ምክንያቱን እነግረዋለሁ። ላልጠየቀኝም እነግረዋለሁ።