የቁልፌ ቦርሳ

ግንቦት 6

ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ፣ አንድ ዚፕ ቀየርኩ። ከዚያ ውሻዬን ቁልፌን የስፌት ጠረጴዛው ላይ አቁሜ ለካሁት። ደረት፣ ቁመት፣ ከአንገት እስከ ጭራ። ከብዙ ደንበኞቼ ይሻላል፤ ሲለካ ሆዱን አይስብም።

በ18 ልጄ ወዳለችበት ከተማ እንበራለን። በወሩ መጨረሻ ትወልዳለች፤ የመጀመሪያዋ ነው። አጠገብሽ እሆናለሁ ብያታለሁ። ቁልፌ ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው... ለማን እተወዋለሁ? ቲኬት ቆራጯ በቦርሳ ሆኖ እግር ሥር ከተቀመጠ ይሳፈራል አለች። ቦርሳ መስፋት ለእኔ ምን አላት?

ግንቦት 9

ቦርሳው አለቀ። ወፍራም ሸራ፣ ጎኑ መረብ። ልክክ አለበት! ትርፍ የለ፣ እጥፋት የለ። ዚፑን ስዘጋው ግን ማለክለክ ጀመረ... ምራቁ ሸራውን አረጠበው።

ይለምደዋል። ይለምደዋል?

ግንቦት 11

የእንስሳት ሐኪሙ ዘንድ ሄድን። ክትባቱ ደህና፣ ወረቀቱም ተፈረመ። ቦርሳውን ሲያይ ግን ሳቀ።

"እትዬ፣ ኮት ነው እንዴ የሰፉለት? ውስጡ ቆሞ መዞር አለበት እኮ።"

አፈርኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የማውቀው ገላ ላይ ልክክ ማድረግ ነው። ልብሱ ውስጥ የሚዞር ሰው አይቼ አላውቅ!

ግንቦት 13

አዲስ ሰፋሁ፤ ሰፊ። ገብቶ ዞረ፣ ተጠቅልሎ ተኛ። ደስ አለኝ። ልኩን ይዤ ቲኬት ቆራጯ ጋ ሄድኩ... እግር ሥር አይገባም፣ ከጭነት ጋር ይሂድ አለች። ሐኪሙ ጋ ደወልኩ። ልቡ ደካማ ነው፣ በዚህ ዕድሜው ጭነት ውስጥ ባያስገቡት ይሻላል አለኝ።

መጀመሪያ መለካት የነበረብኝ ወንበሩን ነበር። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።

ግንቦት 15

ትናንት ለጎረቤቴ ለጡረተኛው መምህር ሰጠሁት፤ ለሙከራ። ዛሬ ጠዋት መለሰልኝ። ውሃ እንኳ አልቀመሰም፣ በሩ ሥር ቁጭ እንዳለ ነጋ አለኝ። ሲያየኝ አልጮኸም። ዝም ብሎ እግሬ ላይ ተኛ። አንጀቴን በላው።

አውቶቡስ አለ። ሹፌሩ የቦርሳው ስፋት ግድ የለውም። ግን በ18 ጠዋት ተነስቼ የምደርሰው በ19 ማታ ነው። አንድ ቀን... ገና ከሳምንት በላይ ይቀራታል።

ግንቦት 16

ልጄ ደወለች። አውቶቡሱን ነገርኳት።

"እማ፣ የምወልደው እኮ እኔ ነኝ።"

ጊዜ አለሽ አልኳት። ይኖረኝ ይሆናል ብላ ስልኩን ዘጋች።

የሕፃን ልብሶቹን ሦስቴ አጣጠፍኩ። ሻንጣው ሞልቶ እንደገና አራገፍኩት። ምን ዓይነት እናት ነኝ? የአውሮፕላኑን ቲኬት ግን መለስኩ።

ግንቦት 18

ተነሳን። ቁልፌ ጸጥ ብሏል። የማለከልከው እኔ ነኝ።

ግንቦት 19

አውቶቡሱ ለቁርስ ቆሟል። የልጄ ባል ደወለ። ሴት ልጅ! ምጡ ትናንት ማታ ጀመራት፣ ጎህ ሲቀድ ወለደች። ሁለቱም ደህና ናቸው።

ትናንት ማታ... በአውሮፕላን ብሄድ ኖሮ አጠገቧ ነበርኩ።

ልጄን አገናኘኝ። ድምፅዋ ደክሟል። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

"እጄን የያዘችልኝ ነርሷ ናት፣ እማ።"

ቀጥላ ውሻው እንዴት ነው አለች። ደህና ነው አልኳት።

"እሺ። በሉ በደህና ግቡ።"

ሰው እያየኝ አለቀስኩ። አያት ሆኛለሁ። ቁልፌ ውሃውን ጠጥቶ ተኝቷል። አልተጸጸትኩም ብል ውሸት ነው፤ ትቼው ብሄድም ያው ነበር። ሹፌሩ ጥሩምባ እየነፋ ነው። ገና የአሥር ሰዓት መንገድ አለ። ይቅርታውን በስልክ አላልኳትም፤ እጇን ይዤ ነው የምላት።